ሻንጣው የማን ነው?

ስለ ዱቄት ከሆነ እኛ ቡሬዎች ብዙ እናውቃለን። ከወፍጮ ቤት ቅንድቡ ነጥቶ የሚወጣን ሰው አይተን ያስፈጨው ጤፍ ይሁን በቆሎ በጠረኑ እንለያለን። ኮኬይን የሚባለውን ዱቄት ግን ያየነው ፊልም ላይ ነው። የእኛ አገር ሱስ የታወቀ ነው፤ አረቄው አለ፣ ጫቱ አለ፣ ከዚያ ካለፈ ሎተሪ መፋቅ ነው። ስለዚህ «በቦሌ ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ይህን ያህል ኪሎ ግራም ኮኬይን በቁጥጥር ሥር ዋለ» የሚል ዜና በሬዲዮ ሲነገር፣ ቡሬ ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው ስኒውን እንኳ አያስቀምጥም። የሩቅ ሰዎች ጣጣ ነው። የተያዘው ናይጄሪያዊ ነው ይባላል፣ ብራዚላዊ ነው ይባላል፤ እኛን ምን አገባን?

ያገባናል ባዮች ነን። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልገናልና ታገሱን።

የኮኬይን ዜና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው፤ ልብ ብላችሁ ይሆናል። የኪሎው መጠን አለ። የተያዘው ሰው ዜግነት አለ። ዕቃው የተደበቀበት ቦታ አለ፤ የሻንጣ ወለል፣ የጫማ ሶል፣ የሰው ሆድ። መጨረሻ ላይ «ምርመራው ቀጥሏል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። ሻንጣው የማን እንደሆነ ግን አይነገርም። ተሸካሚው አለ፣ ሸክሙ አለ፣ ጫኙ የለም። ከወር በኋላ ያው ዜና ኪሎው ተቀይሮ ይመለሳል።

መጀመሪያ መንገዱን እንየው። ኮኬይን የሚሠራው ከኮካ ቅጠል ነው፤ ኮካ ደግሞ በዋናነት የሚበቅለው በሦስት አገሮች ነው፤ በኮሎምቢያ፣ በፔሩና በቦሊቪያ። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት፣ በ2023 በዓለም የተመረተው ኮኬይን 3,708 ቶን ደርሷል ብሎ ይገምታል። ከቀደመው ዓመት በሲሦ የበለጠ ማለት ነው። ብራዚል ኮካ አምራች ባትሆንም ሦስቱንም አገሮች ትዋሰናለችና ትልቋ መውጫ በር ሆናለች። ከባድ ከባዱ ጭነት በሳንቶስ ወደብ በኮንቴይነር ይወጣል፤ ቀላል ቀላሉ በሳኦ ፓውሎ ኤርፖርት በሰው ይወጣል። በዚያ አገር ትልቁ የወንጀል ድርጅት «ፒ ሲ ሲ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ደግሞ የት መሰላችሁ? በሳኦ ፓውሎ ግዛት እስር ቤት ውስጥ። ተሸካሚ በማሰር ብቻ የተደራጀ ወንጀል ይከስማል ለሚል ሰው ይቺ አንዲት ነገር ትበቃው ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይበራል። ከዚያ የተነሣ መንገደኛ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ሌጎስ፣ አቡጃ፣ ጆሃንስበርግ፣ ሙምባይ ወይም ባንኮክ መግባት ይችላል። የናይጄሪያ የፀረ ዕፅ ኤጀንሲ በተደጋጋሚ ከሚያወጣቸው መግለጫዎች ውስጥ «ከሳኦ ፓውሎ በአዲስ አበባ በኩል የመጣ መንገደኛ» የምትለዋ ሐረግ የታወቀች ናት። ይህ አየር መንገዱን የሚያስወቅስ አይደለም። መናኸሪያ መናኸሪያ ነው። የቡሬ መናኸሪያም ነጋዴውን፣ ተማሪውን፣ ታማሚውንና ሌባውን በአንድ አውቶቡስ ነው የሚያሳፍረው። ልዩነቱ፣ ቦሌ ላይ የሚያልፈው ሰው ብዛት ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሆዱ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ እንክብሎችን የዋጠውን ሰው መለየት የፖሊስ ሥራ ነው።

ፖሊስ ይህን እንዴት ይሠራል? ውሻና ራጅ የምናያቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው ግን ወረቀት ላይ ነው። የመንገደኞች ስም ዝርዝር አውሮፕላኑ ሳያርፍ ቀድሞ ይታያል። ትኬቱን በጥሬ ገንዘብ፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ በሌላ ሰው የተገዛለት ማነው? ሥራ የሌለው ሆኖ በሦስት ወር ሦስት ጊዜ ውቅያኖስ የተሻገረ ማነው? አሥራ ምናምን ሰዓት በርሮ ምግብ ያልነካ ማነው? የተጠረጠረው ሰው በራጅ ይታያል፤ ሆዱ ውስጥ ነገር ካለ በጥበቃ ሥር ሆኖ እስኪወጣ ይጠበቃል። አንዷ እንክብል ብትፈነዳ ሰውዬው ይሞታል። ከተረፈ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ይጠብቀዋል፤ ዕፅ ማስገባት፣ ማስወጣትና ማዘዋወር ከአምስት ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

የቦሌ ፖሊሶች ይህን ሥራ ይሠራሉ፤ ይይዛሉም። እዚህ ላይ ምስጋናቸውን አንነፍጋቸውም። ጥያቄያችን ከተያዘ በኋላ ስላለው ነው።

አሁን ወደራሳችን እንቅረብ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. አንዲት የ27 ዓመት የሲቪል መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ ያደገች ኢትዮጵያዊት፣ ቻይና ጓንጁ ላይ ተያዘች። ሻንጣዋ ውስጥ የነበሩት የሻምፑ ጠርሙሶች ኮኬይን ይዘው ተገኙ። ቤተሰቦቿና ወዳጆቿ ዕቃውን አድርሽልኝ ብላ የሰጠቻት ጓደኛዋ ናት አሉ። ቻይና በዕፅ ዝውውር ሞት የምትፈርድ አገር በመሆኗ ወሬው አዲስ አበባን አናወጠው፤ በማኅበራዊ ድረ ገጾች መንግሥት ይድረስላት የሚል ዘመቻ ተከፈተ። ያኔ ብዙዎቻችን ስለ ልጅቷ ጸለይን፣ ፊርማ አሰባሰብን፣ ተከራከርን። «አውቃ ነው» የሚል ነበር፤ «ሳታውቅ ነው» የሚል ነበር። ሻምፑውን ሞልቶ የላከው ማነው የሚለው ጥያቄ ግን በሁለቱ ክርክር መካከል ወድቆ ቀረ።

ለእኛ ይህ ታሪክ የሚከብደው በአንዲት ነገር ምክንያት ነው፤ በአደራ ዕቃ። ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ሄዶ አያውቅም። የእገሌ እናት ለልጇ በርበሬ ትልካለች፣ የእገሌ አክስት ሽሮ፣ ሌላዋ ደግሞ በጀሪካን ቅቤ። ፌስታሉን ከፍቶ የሚያይ የለም፤ መክፈት ነውር ነው። «ምን አለበት?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ያላደገ ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጓንጁ የሚሄደውም ያንኑ ባህል ይዞ ነው የሚሄደው። የዕፅ አዘዋዋሪ ብልጠቱ የኬሚስትሪ ብቻ አይደለም፤ የሰውን ይሉኝታ ያውቃል። የአደራን ክብር ያውቃል። እንደ እኛ ባለ አገር «እባክሽ እህቴ፣ ይቺን ብቻ አድርሺልኝ» የምትል ቃል ከየትኛውም የሻንጣ ድርብ ወለል የበለጠ መደበቂያ ናት።

ሌላው ዓለም የሻንጣውን ባለቤት እንዴት እንደሚፈልግ ማወቅ ጥሩ ነው። አንደኛው ዘዴ የተያዘውን ዕቃ ወዲያው አለመውረስ ነው። ፖሊስ እያየውና እየተከተለው ጉዞውን እንዲቀጥል ይፈቀድለታል፤ ተቀባዩ እጁን ሲዘረጋ ያኔ ሁለቱም ይያዛሉ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው የቪየና የፀረ ዕፅ ስምምነት አንቀጽ 11 ላይ የተፈቀደ አሠራር ነው፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። ሁለተኛው ስልክ ነው። የፈረንሳይና የኔዘርላንድ ፖሊሶች እ.ኤ.አ. በ2020 «ኤንክሮቻት» የሚባለውን የወንጀለኞች ምስጢራዊ የስልክ መረብ ሰብረው ገቡ፤ እስከ 2023 አጋማሽ ድረስ ከ6,500 በላይ ሰዎች ተያዙበት፣ ወደ 900 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብም ተወረሰ ወይም ታገደ። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ፖሊስ የሚያነበው መልእክት እንጂ የሚበረብረው ሻንጣ አልነበረም።

ይህ ሲባል ግን ትልቁን ሰው መያዝ በራሱ መጨረሻ ነው ማለት አይደለም። ንድራንጌታ የሚባለው የጣሊያን ማፊያ ትልቅ ሰው የነበረው ሮኮ ሞራቢቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ኡራጓይ ላይ ተያዘ፤ በ2019 ከሞንቴቪዴዮ እስር ቤት አመለጠ፤ በ2021 ብራዚል ላይ እንደገና ተይዞ በ2022 ለጣሊያን ተሰጠ። የሚያዝ ሰው ያመልጣል። የገንዘብ አቅም ያለው ደግሞ የበለጠ ያመልጣል። ይህን ታሪክ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእኛም አገር ሞራቢቶ አለውና።

አሁን ቡሬ ደረስን።

ከተማችን መንታ መንገድ ላይ የተቀመጠች ናት። አንዱ መንገድ በፍኖተ ሰላምና በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ ይወስዳል፤ አንዱ በእንጅባራና በዳንግላ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ጎንደር፣ ከዚያም መተማ ያደርሳል፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ ይገባል። የምዕራብ ጎጃም ጎረምሳ የመተማን መንገድ የሚያውቀው ከስደት በፊት ነው። ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ አባቱም ሄዷል፣ ታላቅ ወንድሙም ሄዷል። ስለዚህ አንድ ደላላ መጥቶ «እስከ መተማ ታውቀዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ለእኔ ተወው» ሲለው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም። ሱዳን፣ ከዚያ ሰሃራ፣ ከዚያ ሊቢያ።

ደላላው ጭምብል ያጠለቀ ሰው አይደለም። ሰፈር የሚያውቀው፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ አንዳንዴም ዘመድ ነው። «እማማ፣ አይዞዎት፤ ልጅዎ እኮ ወንድሜ ነው» ይላል። ከእሱ በላይ ጎንደር ወይም መተማ ያለ ሌላ ሰው አለ፤ ከዚያ በላይ ካርቱም የነበረ፤ ከዚያ በላይ ሊቢያ ውስጥ መጋዘን ያለው። ሁሉም የሚያውቀው ከበላዩና ከበታቹ ያለውን አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው። የኮኬይኑም ሰንሰለት የተሠራው በዚሁ መልክ ነው፤ የዋጠው ልጅ የሚያውቀው የሰጠውን ሰው ቅጽል ስምና አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ የምናነሣው ለዚህ ነው። አንዱ ጋ ጭነቱ ዱቄት ነው፤ ሌላው ጋ ጭነቱ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከዚህ በተረፈ አሠራሩ አንድ ነው።

ሊቢያ ውስጥ ያለው መጋዘን በኒ ዋሊድ በምትባል ከተማ ዙሪያ ስሙ የከፋ ነው። ስደተኛው እዚያ ሲደርስ የተስማማበት ዋጋ ይቀየራል። ስልክ ይሰጠዋል፤ እየተገረፈ ቤተሰቡን እንዲያናግር ይደረጋል። እናት የልጇን ጩኸት በስልክ ትሰማለች፤ በሬው ይሸጣል፣ መሬቱ ይከራያል፣ ገንዘቡ ይከፈላል። ሁለት ኤርትራውያን በዚህ ሥራ ስማቸው ዓለምን አዳርሷል፤ ኪዳኔ ዘካርያስ ሀብተማርያምና «ወሊድ» በሚል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም። ሁለቱም በ2012 ዓ.ም. የተያዙት በኢትዮጵያ ነው። የኪዳኔ አያያዝ የፖሊስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው። አዲስ አበባ መንገድ ላይ እሱ እጅ ውስጥ ተሠቃይቶ ያለፈ አንድ ሰው ፊቱን አየ፤ አወቀው፤ ለፖሊስ ተናገረ። ሳተላይት አልነበረም፣ የተጠለፈ ስልክ አልነበረም። ጭነት ሆኖ ያለፈ ሰው ነው ጫኙን የያዘው።

ከዚያስ? በየካቲት 2013 ዓ.ም. ችሎት በቀረበበት ቀን፣ እንደተዘገበው መጸዳጃ ቤት ገብቶ ልብስ ቀይሮ ከፍርድ ቤቱ ወጥቶ ሄደ። በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ቆሞ የመሰከረበት ሰው ያን ቀን ምን ተሰማው? ከቤቱ ሲወጣ ማንን ዞሮ ያይ ነበር? የፍርድ ቤት ዜና እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይጽፍም፤ እኛ ግን የዚያን ሰው ፍርሃት ከኪዳኔ ማምለጥ እኩል እንቆጥረዋለን፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ምስክር ያየው ያንን ነውና።

ፍትሐዊ ለመሆን ደግሞ የሌላውንም እንናገር። ተወልደ አላመለጠም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ በ2015 መጀመሪያ ላይ ለኔዘርላንድ ተላልፎ ተሰጠ፤ በኔዘርላንድ የሚኖሩ ዘመዶች ማስለቀቂያ ከፍለው ነበርና የዚያ አገር ዐቃቤ ሕግ ይፈልገው ነበር። ኪዳኔን ደግሞ ኔዘርላንድም ኢትዮጵያም በኢንተርፖል ቀይ ማስታወቂያ ሲያፈላልጉት ቆይተው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2023 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። ዘመቻውን የመራችው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ነበረች። ዱካው የተገኘው በምን መሰላችሁ? በገንዘብ። ወንድሙ ያንቀሳቅሰው የነበረውን ሕገወጥ ገንዘብ ተከትለው ነው የደረሱበት።

ይኸውላችሁ እንግዲህ፤ መጀመሪያ የያዘው ምስክር ነው፣ ሁለተኛ የያዘው ገንዘብ ነው። ቡሬ ውስጥ ሁለቱም አሉ። የሚጠይቃቸው የለም እንጂ።

ምስክሩን እንውሰድ። ከሊቢያ የተመለሰ ልጅ በየቀበሌው አለ። አንዳንዱ ክንዱ ላይ የላስቲክ ቃጠሎ ምልክት አለው፤ በጋ ከክረምት እጅጌ አይሰበስብም። እፍረት ነው፤ የአባቱን በሬ አስበልቶ ባዶ እጁን የመጣ ልጅ አደባባይ አይወድም። እሱ ግን ከየትኛውም መርማሪ በላይ ያውቃል። መተማ ያሳደረው ቤት የቱ እንደሆነ፣ መኪናውን የነዳው ማን እንደሆነ፣ አስተርጓሚ ሆኖ ይገርፍ የነበረው አገሩ የት እንደሆነ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቢናገር ምን ይገጥመዋል? «ታዲያ ማን ሂድ አለህ?» ይባላል። ለዚህ ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሰው መነገድንና በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚቀጣው አዋጅ ቁጥር 1178 ደግሞ በ2012 ወጥቷል። አዋጆቹ ግን አዲስ አበባ ታትመው ዓባይን ለመሻገር የተቸገሩ ይመስለናል።

ሽማግሌም አለ። ይህን ስንጽፍ አንዳንድ ታላላቆቻችን ቅር እንደሚሰኙብን እናውቃለን፤ ቢሆንም መባል አለበት። ልጁ መንገድ ላይ ሲቀር ቤተሰብ ደላላውን ይከስሳል። ከዚያ ሽማግሌ ይገባል፤ ደላላው የተቀበለውን ገንዘብ በከፊል ይመልሳል፤ ቤተሰቡ ክሱን ያነሣል። የቤተሰቡን ችግር አንስተውም፤ ከእስር ቤት ደስታ ገንዘቡ ይሻላቸዋል፣ ምክንያቱም ያንን ገንዘብ ለሌላ ልጅ ማስለቀቂያ ይፈልጉታል። ነገር ግን ደላላው በሚቀጥለው ወር ወደ ሥራው ይመለሳል። ለደም ዕርቅ የተሠራ ሽምግልና ለንግድ ወንጀል ሲውል ለደላላው እንደ ኢንሹራንስ ያገለግለዋል። እንዲህ ዓይነቱ ክስ በቤተሰብ ፈቃድ የሚነሣ መሆን የለበትም፤ ዐቃቤ ሕግ ነው ባለቤቱ። የሚካሰው ቤተሰብ ደግሞ ከተወረሰ የደላላ ንብረት ቢካስ ሽማግሌውን መለመን ባላስፈለገው።

ገንዘቡስ? ማስለቀቂያው በጆንያ ተጭኖ ሊቢያ አይሄድም። እዚሁ አገር ውስጥ ባለ ሰው ስም ገቢ ይደረጋል፤ ከዚያ በጥቁር ገበያ ተመንዝሮ ሒሳቡ ውጭ አገር ይወራረዳል። የባንክ ቅርንጫፍ ያለባት የገበያ ከተማ ሁሉ የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ናት። በሕይወቱ ከአሥር ሺህ ብር በላይ አስገብቶ የማያውቅ ገበሬ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ለማያውቀው ሰው ብዙ ገንዘብ ሲልክ ያ ነገር አጠራጣሪ ነው። ሰውዬው ወንጀለኛ ስለሆነ አይደለም፤ ወንጀል እየተፈጸመበት ስለሆነ ነው። ኢትዮጵያ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ስለማጽዳት ያወጣችው ሕግ ባንኮች አጠራጣሪ ዝውውርን ለፋይናንስ ደኅንነት ተቋሙ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ማጽዳት ተቆጣጣሪ ቡድን አገራችንን እ.ኤ.አ. በ2017 ክትትል ከሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት በ2019 አውጥቷታል፤ በዚያ መካከል ብዙ መመሪያ ተጽፏል፣ ብዙ ሥልጠና ተሰጥቷል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ ግን እናትየዋ እያለቀሰች ስትከፍል «እማማ፣ ገንዘቡ ለማን ነው?» ብላ እንድትጠይቅ፣ መልሱንም ለማን እንደምታደርስ የነገራት አለ ወይ? ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር መጥቷል፤ ገንዘብ በስልክ ይሄዳል። ለእኛ ይህ ለፖሊስ መልካም ዜና ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ዱካ የለውም፣ ስልክ ግን አለው።

«በዚህ ጦርነት መካከል ስለ ደላላ ታወራላችሁ?» የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ እናወራለን። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለው ጦርነት መንገዱን ዘግቷል፣ ፍርድ ቤቱን አዳክሟል፣ ፖሊሱን ከመርማሪነት ወደ ተዋጊነት ወስዶታል። ሱዳንም ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ በራሷ እሳት ውስጥ ናት። የተደራጀ ወንጀል ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎችን ጨምሮ ከመቶ በላይ መንገደኞች ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ፤ ቤተሰቦቻቸው ማስለቀቂያ ተጠየቁ። እኛ በየዓመቱ የምንመላለስበት የጎጃም መንገድ ነው። በኒ ዋሊድ ድረስ መሄድ ሳያስፈልግ የበኒ ዋሊድ አሠራር ደጃፋችን መጣ፤ ያው ስልክ፣ ያው ጩኸት፣ ያው የባንክ ሒሳብ ቁጥር። እነዚያ የሒሳብ ቁጥሮች ስም አላቸው። ባንክ ያውቃቸዋል። ይህን ለመከታተል ጫካ መግባት አያስፈልግም፤ ጠረጴዛና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይበቃል።

ለቦሌም ለቡሬም የምንጠይቀው አንድ ነው። ቦሌ ላይ ሆዱን ይዞ የተያዘው ልጅ ፍርዱን ይቀበል፤ ከዚያ በፊት ግን ትኬቱን የቆረጠለት ማን እንደሆነ፣ ሆቴሉን የከፈለለት ማን እንደሆነ የሚናገርበት፣ በመናገሩም ቅጣቱ የሚቀልለትና ቤተሰቡ የሚጠበቅለት ሥርዓት ይኑር። ቡሬ ላይ ደግሞ አንድ መርማሪ፣ ከተቻለ ሴት፣ ዩኒፎርሟን አውልቃ፣ ከተመላሾቹ ጋር ቡና ጠጥታ ትጻፍ። ስንት ሰው ተያዘ ብለን ሪፖርት አንጠይቃትም። የስንት ተመላሽ ቃል ጻፍሽ፣ ስንት የሒሳብ ቁጥር አሳገድሽ እንላታለን።

ማስረጃ የለም እንዳይባል ደግሞ፣ አለ። የገጠር እናት ወረቀት አትጥልም። ከፈላ ስትመለስ ባንኩ የሰጣትን ደረሰኝ አጣጥፋ ከልጇ የክርስትና ካርድ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቀኑ አለበት፣ የገንዘቡ ልክ አለበት፣ የተቀባዩ ስም ተጽፎበታል።